የተሸጎጠ ብረት

ጠበንጃ በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ አገር እንደ ሰው ስም ያለው ነገር ነው። የፈረንሳዩ ፉዚ ግራ በገበሬው አንደበት ውጅግራ ሆኗል፤ ማንሊኸር ምንሽር ተብሏል፤ ስናይደር ደግሞ ሰናድር ተሰኝቶ ቀርቷል። ከባሕር ማዶ የመጡት እነዚህ ብረቶች ከቋንቋው ተዋሕደው፣ በፉከራና በቀረርቶ ተወድሰው፣ በሠርግም በለቅሶም ከባለቤቶቻቸው ትከሻ ሳይወርዱ ኖረዋል። ረጅሙ ጠበንጃ የአደባባይ ንብረት ነው። ሁሉ ያየዋል፤ ሁሉ ይገምተዋል፤ የያዘውም ሰው የሁሉ ዐይን እንዳረፈበት ያውቃል። ሽጉጥ ግን እንዲህ ያለ ማዕርግ አላገኘም። ስሙ የወጣው ሸጎጠ ከሚለው ግስ በመሆኑ፣ የተሸጎጠ፣ ከልብስ ሥር የተሰወረ ከማለት በቀር ሌላ ነገር አይናገርም። በዚህም ምክንያት አሮጌ ሽጉጥ ለመግዛት የሚያስብ ሰው፣ ከብረቱ ጋር አብሮ የተሸጎጠውንም ነገር ለመመርመር ይገደዳል።

በ2015 ዓ.ም. በጥር ወር፣ በአንድ ቅዳሜ ከቀትር በኋላ፣ ከነፋስ መውጫ ከተማ ዳር በምትገኝ አንዲት የቆርቆሮ ክዳን ቤት ውስጥ ሦስት ሰዎች ተቀምጠው ነበር። አንደኛዋ ባለቤታቸው ከሞቱ ዓመት ያለፋቸው የቤቱ እመቤት ናቸው። ሁለተኛው የሟቹ የወንድም ልጅ፣ በከተማይቱ ትምህርት ቤት ታሪክ የሚያስተምር፣ ዕድሜው አርባን የተሻገረ መምህር ነው። ሦስተኛው የእስቴ ተወላጅ የሆኑ፣ በወጣትነታቸው በንጉሡ ዘመን ጦር ሠራዊት የመሣሪያ ግምጃ ቤት ውስጥ በጠጋኝነት ያገለገሉ፣ ሰማንያ ዓመት የሞላቸው አዛውንት ናቸው። ከደጅ፣ ከጉና ተራራ በኩል የሚመጣው ነፋስ የከተማይቱን ስም እያስመሰከረ ይነፍሳል።

መምህሩ ሽጉጥ ለመግዛት ያሰበው ለጌጥ አልነበረም። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ነፋስ መውጫ ደርሶ፣ ከተማይቱ ለቀናት በትግራይ ኃይሎች እጅ በቆየችበት ጊዜ፣ በሴቶች ላይ የተፈጸመው ግፍ ኋላ በሰብአዊ መብት ተሟጋቾች ተመዝግቦ ዓለም ሰምቶታል። በየቤቱ የሆነው ግን በየቤቱ ቀርቷል። መምህሩ በዚያ ሰሞን ለክረምት ሥልጠና ደብረ ታቦር ሄዶ፣ መንገድ ተዘግቶበት ከቤቱ ርቆ ሰንብቷል። ሲመለስ ሚስቱን በሕይወት አገኛት፤ ልጁንም አገኘ፤ ቤቱም ቆሞ ነበር። ከዚያ ወዲያ ስለዚያች ሳምንት በቤታቸው አንድ ቃል አልተነሣም። እሷ አልነገረችውም፤ እሱም አልጠየቃትም። ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. የፕሪቶሪያው ስምምነት ተፈርሞ የሰሜኑ ጦርነት ሲያበቃ አገሩ በሙሉ ተነፈሰ፤ መምህሩ ግን ሌሊት ሌሊት በሩን እየፈተሸ ማደሩን አልተወም። አጎቱ ትተውት የሞቱት ሽጉጥ ሊሸጥ መሆኑን በሰማ ጊዜ፣ እንቅልፉን የሚመልስለት ነገር የተገኘ መሰለው።

እመቤቲቱ ከጓዳ ገብተው፣ በአሮጌ ነጠላ ቁራጭ የተጠቀለለውን ነገር አምጥተው መደቡ ላይ አኖሩት። አዛውንቱ ለመፍታት አልቸኮሉም። እጃቸውን ታጠቡ፤ በጋቢያቸው ጫፍ አደረቁ፤ ጥቅሉንም ሰው ወደሌለበት፣ ወደ ጭቃው ግድግዳ አዙረው ካስተካከሉ በኋላ ጨርቁን ገለጡት።

«ባዶ ነው፤ እኔው ራሴ አውቃለሁ» አሉ እመቤቲቱ።

«እሜቴ፣ ባዶ ነው የተባለ ሁሉ የጎረሰ ነው» ሲሉ መለሱ አዛውንቱ።

ከእጀታው ሥር ያለውን መያዣ ገፍተው ካዝናውን አወጡ። ካዝና ወጣ ማለት መሣሪያው ባዶ ሆነ ማለት እንዳልሆነ፣ በርሜል ውስጥ የቀረች አንዲት ጥይት ስንት ቤት እንደዘጋች እየተናገሩ፣ የላይኛውን ተንሸራታች ብረት ወደ ኋላ ስበው ውስጡን ተመለከቱ። ዐይናቸውንም አላመኑም፤ ትንሿን ጣታቸውን አስገብተው ዳሰሱ። ምርመራው የተጀመረው ከዚህ በኋላ ነበር።

ሽጉጡ የጣሊያን ሥሪት የሆነው የ1934 ሞዴል ቤሬታ ነው። አጭርና ወፍራም፣ ባዶውን ሁለት ሦስተኛ ኪሎ ያህል የሚመዝን፣ በካዝናው ሰባት ጥይት የሚይዝ፣ የኢጣልያ ጦር መኮንኖች በወገባቸው ታጥቀውት የመጡ መሣሪያ ነው። በግራ ጎኑ የፋብሪካው ስምና ጋርዶኔ የምትባለው የሰሜን ኢጣልያ ከተማ ስም ተቀርጾበታል። ከዚያም 1937 የሚል ዓመት፣ ከዓመቱም ጎን በሮማውያን አኃዝ አሥራ አምስት የሚል ቁጥር ይታያል።

«ይህ ሁለተኛው ቁጥር ምንድን ነው?» ሲሉ አዛውንቱ መምህሩን ጠየቁት። ለዓመታት ሲያዩት ኖረው ትርጉሙን የነገራቸው ሰው አልነበረም።

መምህሩ አስረዳ። ፋሽስቶች እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1922 ጥቅምት ሥልጣን ከያዙበት ቀን አንሥተው የራሳቸውን ዘመን ይቆጥሩ ነበር። አሥራ አምስተኛው ዓመታቸው በእኛ አቆጣጠር 1929 ዓ.ም.ን የሚነካው ነው፤ የካቲት 12 ቀን የአዲስ አበባ ሕዝብ በአደባባይና በየቤቱ የተጨፈጨፈበት ዓመት ነው። ያ ብረት ከቀለጠበት እሳት ወጥቶ በተሞረደበት ዓመት፣ ወንድሞቹ በአገሩ ላይ ሥራቸውን ይሠሩ ነበር ማለት ነው።

አዛውንቱ ጥቂት ዝም አሉና፣ «እንግዲህ ልደቱን ዐወቅን፤ አሁን ጤናውን እንየው» አሉ።

በቀኝ ጎን ያለውን ተራ ቁጥር ከላይኛውና ከታችኛው ብረት አመሳከሩ። ቁጥሮቹ አንድ ናቸው። ባይገጥሙ ኖሮ መሣሪያው «ከሁለት ሬሳ የተሠራ» ይባል እንደነበር፣ እንዲህ ያለውም ብረት በደህና ጊዜ ተስማምቶ በክፉ ጊዜ እንደሚለያይ ገለጹ። ቀጥለው የደኅንነት መቆለፊያውን አዙረው ተንሸራታቹን ወደ ኋላ አሠሩት፤ በርሜሉንም ወደ ኋላ ገፍተው ከማደሪያው አነሡት። ወደ በሩ ብርሃን ዞረው፣ በበርሜሉ አንድ ጫፍ የአውራ ጣታቸውን ጥፍር አስጠግተው፣ በሌላው ጫፍ ተመለከቱ። ጥፍራቸው ላይ ያረፈው ብርሃን በጠመዝማዛዎቹ ቦዮች ላይ ሲሮጥ ይታያል። ወደ አፈሙዙ ሲጠጋ ግን የፈንጣጣ ጠባሳ የመሰሉ ጥቃቅን ጉድጓዶች ብርሃኑን ይውጡታል። የድሮ ጥይት ከተተኮሰ በኋላ በበርሜል ውስጥ የሚቀረው ጨው እርጥበት እየሳበ ብረት ይበላል። የተኮሰ ሰው ያኑ ዕለት ካልወለወለ፣ ጠባሳው ለልጅ ልጅ ይተርፋል። «ይህን የተኮሰው ሰው ተኩሶ አልወለወለም፤ እንደተኮሰ ሸጎጠው» አሉ አዛውንቱ። እመቤቲቱ ቀና ብለው አዩአቸውና ዐይናቸውን መለሱ።

ሞላዎቹ ተራ በተራ ተፈተሹ። የካዝናው ሞላ ላልቷል፤ የመጨረሻዋን ጥይት ወደ ላይ ለመግፋት አቅም የለውም። ቀለህ አውጪው ጥፍር ግን ስለታም ነው፤ መርፌውም ያልደነዘዘ ነው። በመጨረሻ አዛውንቱ መሣሪያውን መልሰው ገጣጠሙና መዶሻውን ስበው አቆሙት። ምላጩን ሳይነኩ፣ የቆመውን መዶሻ ከኋላው በአውራ ጣታቸው ገፉት። አንድ ጊዜ ቻለ። ሁለተኛም ቻለ። በሦስተኛው ቀጭ ብሎ ወረደ።

«ዐየህ መምህር?» አሉ። «መዶሻውን አቁማ የምትይዘው ትንሽ ጥርስ ከውስጥ አለች። እሷ ተበልታለች። ይህ መሣሪያ ሳትስበው ይተኩሳል። ቢወድቅብህ፣ በፈረስ ላይ ብትንገላታ፣ በር ስትከፍት ቢጋጭ ይተኩሳል። መቆለፊያውን ዘግቼዋለሁ ብለህ እንዳትተማመን፤ መቆለፊያው የሚያስረው ምላጩን ነው፤ መዶሻውን አያውቀውም።»

መምህሩ ጥርሷ ልትሠራ ትችል እንደሆነ ጠየቀ። አዛውንቱ በሞረድ አስመስሎ የሚሠራ ሰው እንደማይጠፋ፣ ነገር ግን በሞረድ የተነካ ጥርስ ለጥቂት ቀን ነክሶ መልሶ እንደሚለቅ ነገሩት።

ከዚያ ጥይቱ ቀረበ። እመቤቲቱ ከአንዲት የሻይ ቅጠል ቆርቆሮ ውስጥ አምስት ጥይቶች አፈሰሱ። ሁሉም አጫጭር፣ ሁሉም ቢጫ፣ ለማያውቅ ሰው ሁሉም አንድ ናቸው። አዛውንቱ አቁመው ደረደሯቸውና ሁለቱን ለይተው ወደ ጎን አደረጉ። ሦስቱ የቤሬታው ናቸው፤ ጣሊያኖች ኮርቶ፣ አጭር ማለት ነው፣ ብለው የሚጠሩት ዓይነት ነው። ሁለቱ የማካሮቭ ጥይቶች ናቸው። ማካሮቭ ከ1969 ዓ.ም. በኋላ ከሶቪየት ኅብረት ጋር በተደረገው የጦር መሣሪያ ግንኙነት በአገሩ የበዛ ሽጉጥ ሲሆን፣ ጥይቱ የትም ይገኛል። ሁለቱም ዘጠኝ ሚሊሜትር ይባላሉ። ሆኖም የማካሮቩ ቀለህ በ1 ሚሊሜትር ይረዝማል፤ እርሳሱም በጥቂቱ ይወፍራል። አንዱን በሌላው ቤት ውስጥ በግድ ያስገባ ሰው፣ ወይ መሣሪያው ተቀርቅሮ ከጠላቱ ፊት ይቆማል፣ ወይም በገዛ እጁ ላይ ይፈነዳበታል። አጎቱ እነዚያን ሁለት ጥይቶች ለክፉ ቀን ብለው ማስቀመጣቸው ግልጽ ነበር። ለስንት ዓመት በማይገጥም ጥይት ተማምነው እንደተኙ ሲያስብ መምህሩ የሚለው ጠፋው።

የብረቱ ምርመራ በዚህ አበቃ፤ የወረቀቱ ግን ገና ነበር። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177 ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝን፣ መግዛትንና መሸጥን ይከለክላል። በቤቱ የነበረችው ወረቀት በሟቹ ስም የተጻፈች፣ ቀለሟ የደበዘዘ፣ በሞታቸውም ዋጋ ያጣች ናት። መምህሩ ይህን ያውቃል። ይሁን እንጂ በአገሩ ከአዋጁ በፊት የኖረ ሌላ ጥያቄ አለ፤ አዛውንቱም ያን ጥያቄ ለመጨረሻ አቆይተውት ኖሯል።

«እሜቴ፣ ይቅር ይበሉኝ» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ደም አለበት?»

እመቤቲቱ ወዲያው አልመለሱም። አስቀድመው የብረቱን አመጣጥ ተናገሩ። የደብረ ታቦሩ የጣሊያን ጦር በ1933 ዓ.ም. በክረምት መግቢያ እጁን ሲሰጥ፣ የባለቤታቸው አባት ከአርበኞቹ ጋር ነበሩና ከአንድ መኮንን ወገብ ፈትተው ያመጡት ምርኮ ነው። ጎንደር ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. ስትለቀቅም ይዘውት ዘምተዋል። ይህን የክብር ታሪክ መምህሩ ከልጅነቱ ጀምሮ ሲሰማው ያደገ ነው። ከዚህ ቀጥሎ የመጣውን ግን ሰምቶት አያውቅም።

«እሱ ጎረምሳ ሳለ» አሉ ስለ ባለቤታቸው ሲናገሩ፣ «በእርሻ ድንበር ተጣልቶ አንድ የስማዳ ሰው ገደለበት። ሽማግሌ ገባ፤ ካሣ ተከፈለ፤ ታረቁ። ያ ብረት ከደጅ እንዳይወጣ፣ ከሰው ዐይን እንዳይገባ አስማሉት። እስኪሞት ሸጉጦት ኖረ። እኔም ብሸጠው ይርቅልኛል ብዬ ነው። የልጅ ልጄም ደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ ገብታ የምሰጣት አጣሁ።»

መምህሩ አጎቱ በዕድሜ ዘመናቸው ወደ ስማዳ ተሻግረው የማያውቁበትን ምክንያት ያን ጊዜ ተረዳ። የእርቅ ሥርዓት ደምን ይዘጋል እንጂ አይፍቀውም። የሟቹ ልጆች ያንን ብረት በዐይናቸው ባያውቁት እንኳ በወሬ ያውቁታል፤ አንድ ቀን አርብ ገበያ ላይ ከአዲስ ሰው ወገብ ቢያዩት፣ የተከፈለው ካሣ ሁሉ ተመልሶ ዕዳ ይሆናል። ብረቱን የገዛ ሰው ደሙንም ከነወለዱ ይገዛል።

በሩ ክፍት ስለነበር ወደ ጨጨሆ የሚያወጣው መንገድ ከመደቡ ላይ ይታያል። ዐፄ ቴዎድሮስ በጋፋት ያሠሩትን፣ 70 ኩንታል ገደማ የሚመዝነውን ሴባስቶፖል መድፍ በ1860 ዓ.ም. ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ሲያስጎትቱ የሄዱት በዚሁ አቅጣጫ ነው። መምህሩ ይህን ታሪክ በየዓመቱ ያስተምራል። ያ ሁሉ ሕዝብ ገደል እየቆረጠ የጎተተው መድፍ ቀኑ ሲደርስ ንጉሡን አላዳናቸውም። ሚያዝያ 6 ቀን የመጨረሻውን ነገር የፈጸመችው ከእንግሊዝ ንግሥት ከቪክቶሪያ በስጦታ የመጣችላቸው ሽጉጥ ናት። ተማሪዎቹ ሁልጊዜ ስለ መድፉ ይጠይቁታል፤ ስለ ሽጉጧ የሚጠይቅ ተማሪ ብዙ ጊዜ አያገኝም። ያን ዕለት ግን እሱ ራሱ የሚያስበው ስለ ሽጉጧ ነበር።

አዛውንቱ ዘይት የነካውን ጨርቅ አጥፈው አስቀመጡና ወደ እሱ ዞሩ።

«ልጄ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ያን ጊዜ፣ በዚያ በነሐሴ፣ ይህ ብረት ኖሮህ ቢሆን ምን ታደርግበት ነበር?»

መምህሩ ሰባት ጥይት ቆጠረ፤ ከዚያ ሦስት ቆጠረ። በሩንም፣ መንገዱንም፣ የመጡትንም ሰዎች ብዛት ቆጠረ። ሌሊት ሌሊት ሲያሰላው የኖረው ስሌት ነበር። በመጨረሻም ከስሌቱ ውስጥ ዘወትር የሚዘለውን ቁጥር አገኘው።

«ቤቴ አልነበርኩም፣ አባቴ» አለ።

ይህን ቃል ጮክ ብሎ ሲናገር የመጀመሪያው ነበር።

«እንግዲያስ ሽጉጡም አልነበረም» አሉ አዛውንቱ በለሆሳስ።

ለጥቂት ጊዜ የነፋሱ ድምፅ ብቻ ተሰማ። ኋላም መምህሩ ወደ እመቤቲቱ ዞሮ፣ «እትዬ፣ ብረቱን አልወስድም። የልጅቱን የቤት ኪራይ ግን በየወሩ እልካለሁ፤ እሱ የእኔ ነው» አላቸው። እመቤቲቱ እምቢ ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ፤ ግን አልቻሉም፤ ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳቡት። አዛውንቱ በርሜሉን ከአካሉ ለይተው ሁለቱን በሁለት ጨርቅ ጠቀለሉ። ጥቅሎቹ በአንድ ሣጥን እንዳይቀመጡ አስጠነቀቁ። የማካሮቩን ሁለት ጥይቶች ለብቻ አሠሩ። ሰኞ እመቤቲቱ ከመምህሩ ጋር ሆነው ሁሉንም ለፖሊስ ሊያስረክቡ ተስማሙ፤ እንደተስማሙትም አደረጉ።

የዚያ ዓመት ጸጥታ ብዙ አልዘለቀም። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል ምክንያት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ የተኩስ ድምፅም ወደ ደቡብ ጎንደር ተመለሰ። እንግዲህ መምህሩ ያን ሽጉጥ አለመግዛቱ ስሕተት ነበር የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። ይህን የሚል ሰው ጥያቄው ከንቱ አይደለም፤ ቤቱን የመጠበቅ ፍላጎት የማንም ሰው ፍላጎት ነው። የተበላችው ጥርስ ግን በሰላሙም ጊዜ በጦርነቱም ጊዜ ያው የተበላች ናት። የማይገጥመው ጥይት በጭንቅ ሰዓት አይገጥምም። ያልተወለወለው ደምም የያዘው እጅ ሲለወጥ አይጠራም። አዛውንቱ በዚያች ቅዳሜ የመሰከሩት ይህንኑ ነው።

ያን ዕለት ማታ መምህሩ ቤቱ ሲገባ ሚስቱ እሳት ታነድ ነበር። ቀና ብላ እጆቹን አየች።

«ገዛኸው?» አለችው።

«አልገዛሁትም።»

«ምን ሆኖ?»

ከጎኗ ዱካ ላይ ተቀምጦ ስለ በርሜሉ ጠባሳ፣ ስለ ሞላው፣ በሦስተኛው ግፊት ስለ ወረደው መዶሻ ነገራት። አጎቱ በማይገጥም ጥይት ተማምነው እንደኖሩም ነገራት። እሷ እንጨቱን ወደ እሳቱ እየገፋች አዳመጠችው። ከዚያ ዝም አለ፤ ከብዙ ዝምታም በኋላ፣

«ያን ጊዜ ቤት አልነበርኩም» አለ። «እንድትነግሪኝ ልጠይቅሽ ፈራሁ።»

ሚስቱ ወዲያው አልመለሰችም። ተነሥታ ልጃቸው መተኛቱን አየች። በሩን ዘጋች። ተመልሳም ከጎኑ ተቀመጠች።